ቤተ ጊዮርጊስን መሣል ከጉድጓዱ ይጀመራል

የአዲስ አበባን የሥዕል ሱቆች ለሚዞር ሰው የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ የማይቀር ነው። በሸራ አለ፣ በፍየል ቆዳ አለ፣ በእንጨት አለ። አብዛኞቹ ሥዕሎች ግን አንድ ጉድለት ይጋራሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ጉድጓዱ የለም። መስቀሉ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ቀይ ሣጥን ይመስላል። ዙሪያው ጥቁር ይቀባና ያ ጥቁር ነገር ገደል መሆኑን ተመልካቹ ቀድሞ በሰማው እንዲሞላው ይተዋል። ቦታው ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። መሬቱ ከእግሩ ሥር ድንገት ያልቃል፤ ጣሪያው ከቆመበት ዓለት ጋር እኩል ነው፤ ግድግዳው የሚሄደው ወደ ታች ነው።

ሕንጻው የተሠራው ድንጋይ በመደርደር አይደለም። ዙሪያው ተቆርጦ ሲወጣ የቀረው ነው ቤተ ክርስቲያኑ። ሥዕሉም በዚያው መንገድ ሲሠራ ይቀናል፤ መጀመሪያ ዓለቱን በሙሉ መቀባት፣ ከዚያ ብርሃኑን እየጠረጉ ማውጣት። አሠራሩ ከታች አለ። ከእሱ በፊት ግን የልክ፣ የቦታና የሰዓት ጉዳይ ይቀድማል፤ ብዙ ሥዕል የሚበላሸው ቀለም ሳይነካው ነውና።

ልክና ቆጠራ

የሕንጻው ቁመት 12 ሜትር ገደማ ነው። መስቀሉም ከክንድ ጫፍ እስከ ክንድ ጫፍ እንዲሁ 12 ሜትር ገደማ ይሆናል። ጉድጓዱ በየጎኑ 25 ሜትር ገደማ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ለሠዓሊ ዋናው ቁጥር ሳይጻፍ ይወጣል፤ ከክንዱ ጫፍ እስከ ጉድጓዱ ግድግዳ ያለው ክፍተት 6 ሜትር ተኩል አካባቢ ብቻ ነው። ጥልቀቱ የክፍተቱን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። በሱቅ ሥዕሎች ላይ ይህ ክፍተት ከልክ በላይ ሰፍቶ ይታያል። ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ጥልቀቱ ይሞታል፤ የቱንም ያህል ጥቁር ቢቀባ አይመለስም።

ቀጥሎ መስኮት። የመስቀል ቅርጽ ያለው ሕንጻ አሥራ ሁለት ፊት አለው፤ አራት የክንድ ጫፎችና ስምንት ጎኖች። ቤተ ጊዮርጊስ በላይኛው ረድፍ 12 መስኮቶች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ፊት አንድ ማለት ነው። በታችኛው ረድፍ 9 ያልተበሱ መስኮቶችና በምዕራቡ ክንድ ላይ 3 በሮች አሉ፤ ተደምረው ያው 12። ስለዚህ በየትኛውም ፊት ላይ ሊታይ የሚገባው ከላይ አንድ መስኮት፣ ከሥሩ አንድ ያልተበሳ መስኮት ወይም በር ነው። አንዱ ፊት ላይ ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ተሥሎ ካያችሁ ሠዓሊው ከሌላ ሥዕል ገልብጦ ነው፤ የገለበጠበትም ተሳስቶ ነበር።

ሁለቱ ረድፎች አንድ ዓይነት ቅርጽ የላቸውም። የላይኞቹ ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ ቅስት ነው፤ ዙሪያቸው እንደ ቅጠልና ሐረግ ተጠርቧል። የታችኞቹ የአክሱም ናቸው፤ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ክፈፍ፣ በአራቱም ማዕዘን ላይ ወጣ ያለ ጉብታ። ያ ጉብታ በአክሱም ዘመን ሕንጻ ላይ የእንጨት ምሰሶ ጫፍ ነበር፤ እዚህ ድንጋዩ እንጨቱን እየመሰለ ነው። በሥዕል ላይ ሁለቱን ረድፎች በአንድ ቅስት መሥራት የተለመደ ስንፍና ነው። በትንሽ ሸራ ላይ ዝርዝሩ ባይወጣም የላይኛው ሾጣጣ፣ የታችኛው ሣጥን መሆኑ ብቻ በሁለት የብሩሽ ጭረት ይያዛል።

ጣሪያው ላይ ሦስት መስቀሎች አንዱ በሌላው ውስጥ ሆነው ከዓለቱ ተፈልፍለው ወጥተዋል፤ መስመር ብቻ ሳይሆኑ ከፍታ ያላቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ ጠርዝ ቀጭን ጥላ ይጥላል። ከጣሪያው የዝናቡን ውሃ የሚያወርዱ የድንጋይ አሸንዳዎች ከግድግዳው ወጣ ብለው ይታያሉ። ከሥር ደግሞ ሕንጻው ሦስት እርከን ባለው መሠረት ላይ ቆሟል። እርከኑን የረሳ ሥዕል ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ወለሉ ላይ የተጣለ ዕቃ ይመስላል። እርከኑ ነው ከወለሉ ጋር የሚያጣብቀው።

የት እንቁም

ከጉድጓዱ ጠርዝ፣ በክንዱ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ዓይኑ ከጣሪያው በላይ 1 ሜትር ከ60 ያህል ነው። ከዚህ ከፍታ መስቀሉ ሙሉ ሆኖ አይታይም፤ ተጨፍልቆ ነው የሚታይ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የቅርቡ የጣሪያ ጠርዝ 6 ሜትር ተኩል፣ የሩቁ 18 ሜትር ተኩል ይርቃል። ይህ በሸራ ላይ ሲወርድ መስቀሉ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ከተሰጠው ጥልቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። እጅ ግን ይህን አይቀበልም። መስቀል መሆኑን ስለሚያውቅ 15 ወይም 20 ያደርገዋል። ያኔ ጣሪያው ከሰማይ የታየ፣ ግድግዳው ከመሬት የታየ ይሆናል፤ ሁለት ዓይን በአንድ ሥዕል።

ሁለት ዓይን በራሱ ኃጢአት አይደለም። በብራናና በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚሠራው ነባሩ ሥዕላችን ሕንጻን የሚያሳየው ከሚታወቀው ተነሥቶ ነው፤ ጉልላቱ፣ በሩ፣ መጋረጃው፣ መስቀሉ ሁሉም ሳይሸፋፈን ይቀመጣል። ቤተ ጊዮርጊስን በዚያ መንገድ መሥራት የሚፈልግ ሠዓሊ መብቱ ነው፤ ውጤቱም ሊያምር ይችላል። ግን እስከ መጨረሻው ይሂድበት፤ ጠፍጣፋ ቀለም፣ ጠንካራ ጥቁር መስመር፣ ጥላ የሌለው ግድግዳ። የሚያስቀይመው ቅልቅሉ ነው፤ ጣሪያው እንደ ብራና፣ ግድግዳው ደግሞ በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንደሚሰጠው የጥላና ብርሃን ትምህርት። አንዱን ምረጡ።

ከእውነተኛ ዓይን ለመሣል ለሚሻ ከጎን መቆም መጥፎ ነው፤ የግድግዳውን ሥር ለማየት አንገት ወደ ታች ከ60 ዲግሪ በላይ መታጠፍ አለበት፤ ቀጥ ያሉት የግድግዳ ጠርዞች ሁሉ ወደ ታች እየጠበቡ ይሄዳሉ። ወደ ጉድጓዱ ማዕዘን ሂዱ። ከማዕዘኑ እስከ ሕንጻው ያለው ርቀት ከጎኑ እጥፍ ሊጠጋ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ሁለት ክንዶች አንድ ላይ ይታያሉ፤ በመካከላቸው ያለው እጥፋት ጥላ ይይዛል። መስቀሉ ሙሉ እንዲታይ ከተፈለገ ዓለቱ ከፍ ወዳለበት ወገን መውጣት ነው። ከፍ በተባለ ቁጥር መስቀሉ ይከፈታል፤ ግድግዳው በዚያው ልክ ያጥራል። ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም።

ሦስተኛ አማራጭ አለ፤ ጥቂት ሠዓሊ ነው የሚሞክረው። በዓለቱ ውስጥ በተቆረጠው ጠባብ መተላለፊያ ወርዶ ከወለሉ መሣል ነው። ከዚያ መስቀል የሚባል ነገር አይታይም፤ ሕንጻው ግንብ ይሆናል፤ ሰማዩ በጉድጓዱ ጠርዝና በጣሪያው መካከል እንደ ጠባብ ሪባን ይቀራል። እንደ እኔ ከሆነ የቦታውን ክብደት ይበልጥ የሚናገረው ይሄኛው ነው። ገዢ ግን «ይሄ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለሱቅ አይሆንም።

በስልክ ፎቶ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። የስልክ ዋናው ሌንስ ሰፊ ነው፤ ወደ ታች ሲያዘነብል የክንዱ ጫፍ እንደ መርከብ አፍንጫ ይሾላል። ራቅ ብሎ በ2 እጥፍ ዙም ማንሳት ይሻላል። ስልኩ ቀዩንም ያጋንናል፤ ስለዚህ ቀለሙን ከፎቶ አትውሰዱ። ቦታው ላይ በትንሽ ወረቀት ላይ አምስት ስድስት የቀለም ምልክት አኑሩ፤ ከጎኑ ሰዓቱን ጻፉ።

ብርሃኑ መቼ ይገባል

ላሊበላ 12 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው። ይህ ማለት ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናት ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀረው ጊዜ ከደቡብ ነች። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናት ላይ ስለምትሆን ግድግዳ ሁሉ እኩል ይጠፋል፤ ጣሪያውና ወለሉ ብቻ ያበራሉ። ለሥዕል የከፋው ሰዓት ይህ ነው።

በታኅሣሥ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከደቡብ 55 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ነች። የጉድጓዱ የደቡብ ግድግዳ 12 ሜትር ስለሆነ ጥላው ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ክፍተቱ ግን 6 ሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ በደቡብ ክንድ ፊት ያለው ወለል በሙሉ ጥላ ነው፤ ጥላው የሕንጻውን የታችኛውን 3 ሜትር ያህል ደግሞ ይወጣል። የገና ሰሞን ቤተ ጊዮርጊስን ከሥር እስከ ላይ በእኩል ፀሐይ ያጥለቀለቀ ሥዕል ከፎቶም ከዓይንም አልተወሰደም።

ከሁሉ የሚያምረው ጠዋት ነው። በታኅሣሥ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ከምሥራቁ ክንድ ጫፍ የበራው የላይኛው 2 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። 4 ሰዓት ላይ ብርሃኑ 8 ሜትር ያህል ወርዷል። በሁለት ሰዓት ውስጥ 6 ሜትር፤ በደቂቃ 5 ሳንቲ ሜትር። መጋረጃ ቀስ ብሎ እየተጎተተ ይመስላል። ችግሩ ሠዓሊው ከመጋረጃው ጋር መሮጡ ነው፤ አንዱን ግድግዳ በ2 ሰዓት ብርሃን፣ ሌላውን በ4 ሰዓት ብርሃን ይቀባና ጥላው አይገጥምም። መፍትሔው ከመጀመሪያው ደቂቃ የጥላውን ጠርዝ በአንድ መስመር አሥሮ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ዓይን እያየ እንኳ አለመቀበል ነው። ጥላው ሲሄድ ሸራው ይሰብሰብ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይመለሱ።

ቀለሙና አጠራረጉ

ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ በቀይና በቡናማ መካከል። ጣሪያውና የግድግዳው አናት ላይ ሳይንሱ ላይከን የሚለው ቢጫ ብርቱካናማ ቅርፊት ተለጥፎበታል። በፖስት ካርድ ላይ ሕንጻው በሙሉ ብርቱካናማ የሚመስለው ከዚህ ቅርፊትና ከፎቶው ማጋነን የተነሣ ነው። ጥላ ውስጥ ያለው ግድግዳ አመድማ ሐምራዊ ነው። ቀይን ቀይ የሚያደርገው ይሄ አመድማ ቀለም ነው፤ ሁሉ ቀይ በሆነበት ሥዕል ላይ ቀይ የሚባል ነገር አይታይም።

ቱቦ ብዙ አያስፈልግም። በርንት ሲዬና (ቀይ ቡናማ)፣ በርንት አምበር (ጥቁር ቡናማ)፣ የሎው ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ቲታኒየም ነጭ፣ ትንሽ ካድሚየም ኦሬንጅ። ለበራ ግድግዳ 2 እጅ በርንት ሲዬና፣ 1 እጅ የሎው ኦከር፣ 2 እጅ ነጭ። ለጥላ ግድግዳ 2 እጅ በርንት ሲዬና፣ 1 እጅ አልትራማሪን፣ በብሩሽ ጫፍ ነጭ። ለጥልቁ ጨለማ በርንት አምበርና አልትራማሪን እኩል። የቱቦ ጥቁር አያስፈልግም፤ ከቀይ ድንጋይ አጠገብ ሲቀመጥ እንደ ጥቀርሻ ይቀራል፤ ጨለማ ሳይሆን ቆሻሻ ይመስላል። ለቅርፊቱ ኦከር፣ ጠብታ ኦሬንጅና ነጭ ተቀላቅሎ መጨረሻ ላይ በደረቅ ብሩሽ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ይዳሰሳል። ቀድሞ ከተቀባ ወደ ሁሉም ቦታ ይዛመትና እንደገና ፖስት ካርዱ ይመጣል።

አሁን አሠራሩ። 80 በ100 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሸራ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ በርንት ሲዬና ከጥቂት አልትራማሪን ጋር ተደርጎ በ40 ሚሊ ሊትር ያህል ተርፐንታይን ይቀጥናል። ሸራው በሙሉ፣ ሰማዩ የሚሆነውም ጭምር፣ በሰፊ ብሩሽ ይለበጣል። ምንም ነጭ አይተርፍም። ይሄ ዓለቱ ነው። ንድፉ በላዩ ላይ በቀጭን ብሩሽ በአምበር ይወርዳል፦ መጀመሪያ የጉድጓዱ ጠርዝ፣ ቀጥሎ የጣሪያው ዝርዝር፣ ከዚያ ቀጥ ያሉት ጠርዞች፣ መጨረሻ ላይ መሠረቱ። ከመስቀሉ የሚጀምር ሰው ጉድጓዱን በቀረው ቦታ ሊያጣብበው ይገደዳል፤ ሸራው ላይ ቦታ ያጥረውና ጠርዙን ይቆርጠዋል።

ከዚያ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በጣት ላይ ጠቅልሎ መጥረግ። ጣሪያው ጠንክሮ ይጠረጋል፤ ሸራው እስኪነጣ። የበራው ግድግዳ በለሆሳስ። ጥላው አይነካም። ወለሉ ትንሽ ይነካል። ለጠባብ ቦታ፣ ለምሳሌ ለመሠረቱ እርከን፣ ጨርቁ በብሩሽ እጀታ ጫፍ ላይ ይጠቀለላል። በላሊበላ ደረቅ አየር፣ በተለይ ፀሐይ ላይ፣ ተርፐንታይኑ ቶሎ ይበናል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቀለሙ መልቀቅ ያቆማል። ካልለቀቀ ጨርቁን በተርፐንታይን ነካ አድርጎ መሞከር ይቻላል፤ ካበዛችሁት ግን ይፈስና ግድግዳው ያለቅሳል። በጥላ መሥራት ጊዜ ያተርፋል።

ይህ መንገድ ለዘይት ቀለም ነው። አክሪሊክ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርቅ አይጠረግም። በአክሪሊክ የሚሠራ ሰው ያንኑ ሐሳብ ገልብጦ ይሠራል፤ ቀይ ቡናማውን መሬት ለብጦ አድርቆ፣ ብርሃኑን በነጭና በኦከር እየሸፈነ ያወጣል። በዚህ ላይ የሚበላሸው ፓሌቱ፣ ማለትም ቀለም መቀላቀያው ሰሌዳ፣ ነው፤ ቀለሙ ተቀላቅሎ ሳያልቅ ይደርቃል። እርጥብ ስፖንጅ ላይ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ዘርግቶ በዚያ ላይ መቀላቀልና የውሃ መርጫ ጠርሙስ መያዝ ይበቃል።

መሬቱ ከደረቀ በኋላ ወፈር ያለው ቀለም ይመጣል። የመጀመሪያው ሽፋን በተርፐንታይን የቀጠነ፣ የሚቀጥሉት ደግሞ የተልባ ዘይት እየጨመሩ የሚሄዱ ይሁኑ። ተገላቢጦሹ ከተደረገ ላይኛው ቀድሞ ይደርቅና ከሥሩ ያለው ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል።

ጉድጓዱን ጉድጓድ የሚያደርገው ጨለማ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። ወለሉ ሰማዩን ስለሚያይ ከግድግዳው ታችኛ ክፍል ይልቅ ፈካ ያለ ነው። ወለሉ ካልታየ ጉድጓዱ መጨረሻ የሌለው ቀዳዳ ይሆንና ዓይን ጥልቀቱን መለካት ያቅተዋል። አንድ ቀጭን ፈካ ያለ አመድማ መስመር ከመሠረቱ እርከን ሥር ሲገባ 12 ሜትሩ ወዲያው ይመጣል። በተጨማሪ ጥላ ውስጥ ያለው ግድግዳ ፀሐይ ካረፈበት የማዶ ዓለት ሞቅ ያለ ቀይ ብርሃን ይመለስለታል፤ ወደ ላይ የሚያዩት እርከኖች ግን ከሰማይ ሰማያዊ ይቀበላሉ። ቀጥ ያለው ሞቃት፣ አግዳሚው ቀዝቃዛ። ይህቺን አንድ ልዩነት የያዘ ሰው ጥላውን አይገድለውም።

መስኮቶቹም ጥቁር ነጥብ አይደሉም። ያልተበሱት የታች መስኮቶች ጥልቀት የላቸውም፤ ከግድግዳው ጥላ ትንሽ ብቻ ይጠቁራሉ። የተበሱት የላይኞቹ ናቸው የሚጨልሙት። ሁሉንም እኩል ያጠቆረ ሠዓሊ ድፍኖቹን ከፈታቸው ማለት ነው።

ሰው ሲጨመር መለኪያው ይሄ ነው፤ 12 ሜትር ማለት የአንድ ሰው ቁመት ሰባት እጥፍ። ወለሉ ላይ የቆመ ካህን በሸራው ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አጠገቡ ያለው ግድግዳ 14 ነው። ከጠርዙ ሲታይ ሁለቱም እኩል ያጥራሉ። ሰው ማግዘፍ ጉድጓዱን በአንድ ጊዜ ወደ ጓሮ ይለውጠዋል። ነጠላው ጥላ ውስጥ ነጭ አይደለም፤ ነጭ ከጥቂት አልትራማሪንና ከሲዬና ጋር ነው። ንጹሑ ነጭ ፀሐይ ላይ ለቆመ ሰው ትከሻ ብቻ ይቀመጥ።

ሌሎቹ

ከቀሩት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ ከዝናብ መከላከያ ትልልቅ መጠለያ ተሠርቶላቸዋል። ሠዓሊ መጠለያውን ይተወው ወይስ ይሣለው የሚለው ክርክር አያልቅም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ መጠለያውን ከተዋችሁት ብርሃኑንም ተዉት። ከመጠለያ ሥር ያለው ብርሃን የተበተነ፣ ጥላው ለስላሳ ነው። ያንን ቀድቶ ከላዩ ሰማያዊ ሰማይ መሣል ፀሐይ የማትጥለውን ጥላ ይፈጥራል። ብዙ የቤተ መድኃኔ ዓለም ሥዕሎች ላይ የሕንጻው ዙሪያ ምሰሶዎች እንደ ካርቶን የሚመስሉት በዚህ ነው።

የገርዓልታ አብያተ ክርስቲያናትን፣ ለምሳሌ አቡነ የማታ ጉሕን፣ በላሊበላ ቀለም መሣል ሌላው ስሕተት ነው። የዚያ ድንጋይ አሸዋማ ነው፤ ፈካ ያለ፣ ሮዝ ወደ ብርቱካን። ነጩና ኦከሩ ይጨመራል፣ አምበሩ ይቀነሳል።

ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ያለ ነው፤ ግድግዳው በጠቆረ እንጨትና በነጭ ልስን እየተፈራረቀ የተሠራ። ነጩ ግን ዋሻ ውስጥ ነው፤ በሸራው ላይ ከቱቦው የወጣ ነጭ ከታየ ዋሻው ይጠፋል። ከነጩ ልስን ይልቅ ወደ ዋሻው አፍ ያለው አየር መፍካት አለበት።

የጣናዎቹ ክብ አብያተ ክርስቲያናት ችግራቸው ሞላላው ነው። የጣሪያው ክብ ከጎን ሲታይ ሞላላ ይሆናል፤ የሞላላው ሁለት ጫፍ ግን አይሾልም፣ ይዞራል። እንደ ጀልባ የሾለ ክፈፍ ያለው ክብ ቤተ ክርስቲያን በየሱቁ አለ። ጉልላቱን ደግሞ ማግዘፍ ይወደዳል። በጣሪያው አናት ላይ ያለውን ጉልላትና የሰጎን እንቁላል ትንሽ አድርጎ ሰማዩን ከበስተኋላው ማፍካት ከማግዘፍ ይበልጥ ያሳየዋል።

ፈቃድ፣ ሸራና መንገድ

የሸራ ማቆሚያ ዘርግቶ መሣል ፎቶ ማንሳት አይደለም፤ ሰዓታት ይወስዳል፣ መተላለፊያ ይዘጋል። የደብሩን አስተዳደር ቀድሞ ማስፈቀድ፣ ቅዳሴ ባለበት ሰዓት ከጠርዝ መራቅ፣ መግቢያውንና የምእመናኑን መንገድ አለመያዝ የግድ ነው። ጫማ ከበሩ ላይ ይወልቃል። መቅደሱ አይሣልም። ደብረ ዳሞ ሴት ሠዓሊ መውጣት አትችልም፤ ከአምባው ሥር ሆና ገደሉን መሣል ግን የሚከለክላት የለም፤ ገደሉ ደግሞ ራሱ ሥዕል ነው። በገና ሌሊትና ጠዋት፣ በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲባል፣ ማቆሚያ የሚዘረጋበት ቦታ አይገኝም። የዚያን ዕለት በኪስ ደብተርና በእርሳስ ብቻ ይሠራል።

ሸራ ውድ ሆኖባቸው አቡጀዲ ወጥረው የሚሠሩ አሉ፤ ይሆናል። ቀድሞ ግን በቀጠነ ኮላ ይታሸግ፣ ከዚያ ጄሶ (የግንቡ ሳይሆን የሠዓሊዎቹ ነጭ የሸራ መለበጫ) ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ ደርቆ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። በጄሶ ፈንታ የግድግዳ ቀለም የሚቀቡ ሰዎች አሉ። ያ ቀለም ለግንብ እንጂ ለሚጠቀለል ጨርቅ አልተሠራም፤ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል፣ ከላዩ ያለውን የዘይት ቀለም ይዞት ይረግፋል። ሳይታሸግ በቀጥታ አቡጀዲ ላይ የተቀባ የዘይት ቀለም ደግሞ ጨርቁን ከጊዜ በኋላ ያበሰብሰዋል።

ለሜዳ ሥራ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ትልቁ ሸራ ቤት ይቆይ። በበጋ የላሊበላ አቧራ እርጥብ ዘይት ላይ ይጣበቃል። ሁለት ሸራ ፊት ለፊት አድርጎ፣ በአራቱ ማዕዘን ቡሽ አስገብቶ፣ በገመድ ማሠር አቧራውንም መነካካቱንም ይከላከላል። ደርቆ የሚጠቀለል ከሆነ ዲያሜትሩ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቱቦ ላይ፣ ቀለም የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቀለል። ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀለሙ ይጨማደድና ሲዘረጋ ይነሣል። ቫርኒሽ ለመቀባት ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ይጠበቃል፤ ወፍራም የተቀባው የጣሪያው ነጭ ከቀጭኑ ጥላ በጣም ዘግይቶ ነው የሚደርቀው፤ ስለዚህ በጥፍር የሚሞከረው ጣሪያው ነው።